አሥራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ፣ ለአሥር ሴት

ቁጥሩ አሥራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ ነው። ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ መንገደኛ ድንበር ላይ ሲያዝ «ያ ለጢፍ» የምንለው ይህን ያህል ጊዜ ነው። «ያ» መጥሪያ ነው፤ ለጢፍ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ ለፍጡሩ በረቂቅ መንገድ የሚራራ ማለት ነው። ከወሎ ስወጣ ይዤው የመጣሁት ዕቃ በአንድ ሻንጣ የሚያልቅ ነበር። ይህ ቁጥር ግን አብሮኝ መጣ። ካምፓላ ስደርስ ያገኘኋቸው የወሎና የጅማ ሴቶችም ይዘውት ነበር የመጡት።

ከየት እንደመጣ ሸኽዬ ገና ልጅ ሳለሁ ነግረውናል። እያንዳንዱ የአረብኛ ፊደል ዋጋ አለው። በዚህ ስም ውስጥ ላም ሠላሳ ነው፣ ጧ ዘጠኝ፣ ያ አሥር፣ ፋ ሰማንያ። ሲደመር መቶ ሃያ ዘጠኝ ይሆናል። መቶ ሃያ ዘጠኝ በራሱ ሲባዛ ደግሞ ያ ትልቁ ቁጥር ይወጣል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ማባዛት ስለማውቅ እውነት መሆኑን በእጄ አረጋግጫለሁ።

አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። እንካፈለዋለን። እኛ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኪቡሊ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል ካለው የሰብሳቢያችን ቤት እንቀመጥ ነበር። ለዘጠኝ ሲካፈል ለእያንዳንዷ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ዘጠኝ ይደርሳታል፤ ምንም አይተርፍም። ያም ድርሻ የራሱ ጠባይ አለው። አርባ ሦስት ጊዜ አርባ ሦስት ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሁለት ትንንሽ ከረጢት ሰፍተናል፤ በአንዱ አርባ ሦስት የተምር ፍሬ፣ በሌላውም አርባ ሦስት። «ያ ለጢፍ» ባልን ቁጥር ከመጀመሪያው ከረጢት አንድ ፍሬ ሳህን ላይ እንጥላለን። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ከሁለተኛው አንድ ፍሬ እናወጣና የመጀመሪያውን መልሰን እንሞላለን። ሁለተኛው ከረጢት ሲያልቅ ድርሻችን አለቀ። መሳሳት የለም፤ መጨቃጨቅም የለም።

አንድ ደንብ ነበረን። ዱዓው የተያዘላት ወይም ለዘመዷ ያስያዘች ሴት፣ አልጋ ላይ ካልወደቀች በቀር፣ ራሷም ድርሻ ትይዛለች። ሌሎች ቆጥረውላት እሷ እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠች ሰደቃ እንደበላች ይቆጠራል።

በዚህ አገር አቆጣጠር 2020 ላይ ኮሮና መጣና ሁሉ ተዘጋ። መስጊዱ ተዘጋ፣ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል ሰው መጫን ተከለከለ፣ አውሮፕላን ቆመ። እኛም ሐሙስን በስልክ አደረግነው። እያንዳንዷ በየቤቷ ትቆጥራለች፤ ስትጨርስ ሁላችን ያለንበት የስልክ ቡድን ውስጥ ገብታ «የኔ አልቋል» ትላለች።

እኔ የምኖረው ኪሱጉ ነው። በግቢያችን፣ ከኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ አንዲት የጅማ ልጅ ትኖር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ባር ውስጥ ቢራ ታመላልስ ነበር። ባሮች ሲዘጉ የከሰል ምድጃ ገዛችና ከግቢው በር ፊት ለፊት ሮሌክስ መሥራት ጀመረች፤ ቻፓቲ ላይ እንቁላል ጠቅልላ ለአላፊ አግዳሚው ትሸጣለች። በግንቦት ግድም እናቷ ጅማ ውስጥ ታመመች። ልጅቷ የምትሄድበት አውሮፕላን የለም። በስልክ የእናቷን ሳል ትሰማና ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሰው ሲመጣ ዓይኗን ጠርጋ እንቁላል ትመታለች።

አንድ ጠዋት በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ያ የቁጥሩ ዱዓ ለእናቷ ይያዝላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዴታ አልኳት። ድርሻዬን ስጡኝ አለችኝ፤ አያቷ ጅማ ውስጥ ሲቆጥሩ አይታ ስለነበር ደንቡን ታውቀዋለች። ከጎረቤት ተምር ሻጭ ፍሬ እለምንልሻለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ለሰብሳቢያችን ደወልኩ። ሰብሳቢያችን በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ሰው ሲሞት ቀድማ የምትደርስ፣ ሰው ሲጣላ ቀድማ የምታስታርቅ ሴት ናት፤ ይህን አልክድባትም። ስለ ልጅቷ ስነግራት ግን ለእናትየዋ እኛ እንቆጥርላታለን፣ እሷ ትተወው አለችኝ። ለምን ስላት፦

«ዘጠኝ ነን። ቁጥሩም ለዘጠኝ ነው። እስቲ ለአሥር አካፍዪው፤ አይሄድም።»

ስልኩን ዘግቼ አካፈልኩት። አልሄደም። ለእያንዳንዷ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ አራት ይደርሳትና አንድ ይተርፋል። ያቺን አንድ ማን ይወስዳታል? አንዷ ብትወስድ ከሌሎቹ በልጣ ትቆጥራለች፤ ብትጣል ዱዓው ጎደለ። በቁጥር በኩል ሰብሳቢያችን ልክ ነበረች።

ለልጅቷ ነገርኳት። ቻፓቲ እየገለበጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ለኔ እናት ሌላ ሰው ሲቆጥር እኔ እዚህ እንቁላል ልምታ?» አለች። ቻፓቲውን አንሥታም «ይቅርብኝ በሏቸው፣ እማማ። እንዲህ ከሆነ አልፈልግም» አለች።

እሷ ይቅር ብትልም እኔ አልተውኩትም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የራሴን ድርሻ ከሷ ጋር ለሁለት መክፈል ነበር፤ ዘጠኝነቱ እንዳለ ሆኖ በአንድ ድርሻ ሁለታችን እንገባለን። ግን አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ዘጠኝ ለሁለት አይከፈልም። ለሦስት ሞከርኩ፣ እምቢ። ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት፤ እምቢ። ከአርባ ሦስት በቀር ማንንም አያስጠጋም። አርባ ሦስትም ራሱ እንዲሁ ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም። ከመካከላችን አትክልት የምትነግደው ሴት በስልክ ቡድን ውስጥ ይህን ስነግራቸው ሳቀችብኝና «አንቺ ሴትዮ አርባ ሦስትን ትመስያለሽ፤ ማንም አይከፍልሽም» አለች። ሰብሳቢያችን ግን አልሳቀችም። በአንድ ከረጢት ሁለት ሴት አይገባም፣ የተከፈለ ድርሻ ድርሻ አይደለም አለች። እዚህም ላይ ልክ ነች። ግማሽ ሰው ሆና እንድትገባ እኔም አልፈልግም ነበር።

ስለዚህ ወደ ትልቁ ቁጥር ተመለስኩ።

ለእራት የገዛሁትን ቦሎቄ ሳህን ላይ አፈሰስኩና እየለቀምኩ ቁጥሩን በልቤ ማካፈል ጀመርኩ። ለሁለት ሳካፍለው አንድ ተረፈ። ለሦስት እኩል ሄደ። ለአራት አንድ ተረፈ። ለአምስት አንድ። ለስድስት ሦስት ተረፈ፣ ለሰባት ሁለት። ለስምንት እንደገና አንድ። ለዘጠኝ እኩል። ለአሥር አንድ። ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሁለት ዘጠኝ ዘጠኝ ተረፈ። በዚያው አላቆምኩም፤ ለአሥራ ሦስት ሳካፍለው አንድ፣ ለአሥራ ስድስት አንድ፣ ለሃያም አንድ ተረፈ። ያ አንድ ደጋግሞ ሲመጣብኝ በመጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ግን ጥያቄው ተገለበጠብኝ። ለምን ሁልጊዜ አንድ?

ቁጥሩ መቶ ሃያ ዘጠኝ በመቶ ሃያ ዘጠኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ያህል ቦሎቄ ግን በቤቴ የለም። ስለዚህ በትንሹ ሞከርኩት። ወለሉ ላይ አምስት በአምስት ደረደርኩ፤ ሃያ አምስት ቦሎቄ። ከታች ያለውን አንድ መስመር አነሳሁ። አራት መስመር ቀረ። ያነሳኋቸውን በአራቱ መስመሮች ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጨመርኩ። አራቱም መስመር ስድስት ስድስት ሆነ፤ በእጄ ላይ አንድ ቦሎቄ ቀረች። ሰባት በሰባት አደረግሁት። ስድስት መስመር ስምንት ስምንት ሆነ፤ በእጄ አሁንም አንድ። አሥር በአሥርም እንዲሁ። በራሱ የተባዛ ቁጥር ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንድ ስታነሳለት የቀረው፣ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ተባዝተው የሚሰጡት ነው።

የኛም ቁጥር አንዷ ስትነሳ መቶ ሃያ ስምንት መስመር ይሆናል፤ በየመስመሩ መቶ ሠላሳ። መቶ ሃያ ስምንት ደግሞ እንደ አርባ ሦስት ግትር አይደለም። ለሁለት ሲሉት እሺ ይላል፤ ስልሳ አራት። እንደገና ለሁለት፣ ሠላሳ ሁለት። እንደገና፣ እንደገና፣ አንድ እስኪቀር ድረስ እሺ እንዳለ ነው። መቶ ሠላሳም አሥር ጊዜ አሥራ ሦስት ነው። ስለዚህ አንዷን ለብቻ ካስቀመጥናት የቀረው ለአሥር ሴት ጥርት ብሎ ይካፈላል። አሥራ ሦስት ብንሆን፣ አሥራ ስድስት ብንሆን፣ ሃያ ብንሆንም ይካፈላል። ቁጥሩ በሩን የዘጋው አንድ ፍሬ ላይ ብቻ ነበር።

ከረጢቱንም አሰብኩበት። የአሥረኛ ድርሻ ሐምሳ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሁለት ነው። በአንዱ ከረጢት ሐምሳ ሁለት ፍሬ፣ በሌላው ሠላሳ ሁለት። አንዷ ሴት በሁለቱ ከረጢቶቿ የያዘችው ሰማንያ ስድስት ፍሬ ነበር፤ አሁን የሚያስፈልጋት ሰማንያ አራት። ማንም አዲስ ፍሬ ልፈልግ ብላ ምክንያት አታገኝም።

በማግስቱ ቦሎቄውን በፌስታል ቋጥሬ በእግሬ ኪቡሊ ወጣሁ። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ ግን ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። ሰብሳቢያችን አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በረንዳዋ ላይ ወጣች፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቦሎቄውን በሲሚንቶው ላይ ደርድሬ አሳየኋት። አምስት በአምስት፣ ሰባት በሰባት። ራሷ እንድትደረድር አደረግኋት። ዘጠኝ በዘጠኝ ደረደረች፤ ስምንት መስመር አሥር አሥር ሆነ፤ አንዷ በእጇ ቀረች። ያቺን ቦሎቄ በጣቶቿ መካከል እያሽከረከረች ቆየች።

«እሺ» አለች። «ይካፈላል። ያቺን አንድ ግን ማን ይላታል?»

«ሁላችን አንድ ላይ። ለማንም አትበልጥም፣ ከማንም አትጎድልም።»

ቦሎቄዋን መለሰችልኝ። ከዚያ የጠበቅሁት መጣ።

«ቁጥሩን ተይው። ልጅቷ የት ስትሠራ እንደኖረች አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ለምን እንደሠራችም አውቃለሁ፤ አሁን የታመመችውን እናቷን ስትጦር ነው።»

«ባለቤቴ ሰምቶ ምን ይለኛል? የቀሩት ሴቶችስ? በዚህ አፍ ቢራ ሲታዘዝ ኖሮ በዚህ አፍ ዚክር?»

«እንግዲያው ቀድመሽ ይህን በይኝ እንጂ» አልኳት። «የአላህን ስም ቁጥር መጋረጃ አታድርጊው። ዘጠኝ ነው እያልሽ እኔን ስታስቆጥሪኝ ሰነበትሽ።»

ፊቷ ተለወጠ። እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ አለችኝ። ያለችው ከልቧ ነበር። ቦሎቄዬን መልቀም ጀምሬ ነበር፤ አቆምኩ።

«ከወጣሽ ዘጠኝ እንሆናለን። እንዳልሽው ለዘጠኝ ይካፈላል፤ ያለ አንቺም ይሄዳል ማለት ነው» አልኳት። «እኔ ግን ዘጠኝ አልፈልግም። አንቺን አውጥቼ እሷን ባስገባ ምን ሠራሁ? ያው አንዷን ማስወጣት ነው። አሥር ነው የምፈልገው። ሐሙስ አሥራችንም እንቆጥራለን፤ አንቺ ካልቆጠርሽ ዱዓው ይጎድላል፤ ጉድለቱም የአንቺ ነው።»

«አንቺ በቅሎ» አለችኝ።

«በቅሎም ብሆን ዳገት ወጥቼ መጥቻለሁ» አልኩና ወረድኩ። ትቆጥር እንደሆነ አላሳወቀችኝም።

ለሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ደወልኩ። አዲሱን ድርሻ ነገርኳቸው፤ ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ዘጠኝ ፍሬ አሻግሩ፣ ሁለት ትርፍ አውጡ አልኳቸው። አንዳንዷ አጉረመረመች። አንዷ ቁጥሩ ተነካ ብላ ፈራች፤ ምንም አልተነካም፣ ያው አሥራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ ነው አልኳት፤ የተነካው አካፋፈሉ ነው። ለልጅቷ ከጨርቅ ቁራጭ ሁለት ከረጢት ሰፋሁ። ስሰጣት አገላብጣ አየችና ሰብሳቢዋ እሺ ማለታቸውን ጠየቀችኝ። ቁጥሩ እሺ ብሏል አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልካችንን በአንድ መስመር አገናኝተን ጀመርን። ልጅቷ ምድጃዋን ቀደም ብላ አጥፍታ እኔ ክፍል መጥታ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ መጨረስ ነበረብን። ፍሬ ሳህን ላይ የሚወድቀው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እሷ ከኔ ትፈጥን ነበር፤ ቀስ በይ ስላት ቀስ አለች፤ መልሳ ፈጠነች። ስልኩ ውስጥ አንዷ «የኔ አልቋል» አለች። ከዚያ ሌላዋ። አትክልት ነጋዴዋ ማዛጋቷ ሳይቀር ተሰማ። እኔም ጨረስኩ፣ ልጅቷም ጨረሰች። ሰብሳቢያችን ግን አልተሰማችም። ማንም አልጠራትም፤ እኔም አልጠራኋትም። ልጅቷ ባዶውን ከረጢት እያጠፈች ትዘረጋለች፣ እየዘረጋች ታጥፋለች። ለመግሪብ ሶላት መታጠቢያው ሰዓት ሲቃረብ ያ ድምፅ መጣ።

«የኔ አልቋል። እግሬ ስለደነዘዘ ነው የቆየሁ» አለች ሰብሳቢያችን።

አንዷ ቀረች። በሉ አንድ ላይ ብዬ ቆጠርኩላቸው። ካምፓላ ውስጥ በየሰፈሩ ያለው ኔትወርክ ግን አንድ አይደለም። አንዷ ቀደመች፣ ሌላዋ ዘገየች፤ «ያ ለጢፍ» አንድ መሆኑ ቀርቶ እየተከታተለ እንደ ዝናብ ጠብታ ወረደ። አትክልት ነጋዴዋ ሳቋ አመለጣት። ይህ አንድ ነው ወይስ አሥር የሚል ክርክር ተነሣ። አሥር ከሆነ በዘጠኝ አልፈናል። እኔ ያሰብኩበት መላ እዚህ ላይ መክሸፉ ነው አልኩ በልቤ።

«አይቆጠርም» አለች ሰብሳቢያችን ጮክ ብላ። «ሁላችሁም ዝም በሉ። ባለጉዳይዋ ብቻዋን ትበለው።»

ከዚያ በፊት ልጅቷን ያናገረቻት ቀን አልነበረም። ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፤ ወደ አፏ አስጠጋችውና አንድ ጊዜ አለችው። ሌሎቹ አሚን አሉ።

እናትየዋ ጥቂት ሳምንታት ደህና ሆና ነበር። ምግብ ቀመሰች፣ ከልጇ ጋር በስልክ ሳቀች። ከዚያ መንገዱ ሳይከፈት፣ ልጅቷ ሳትደርስ ሞተች። ዱዓው አልሠራም የሚለኝ ሰው ካለ አልከራከረውም። እኔ የታገልኩት ሞትን ለማስቀረት አልነበረም፤ ያ የኔ ሥራ አይደለም። ያቺ ልጅ ለእናቷ የሚቆጠረውን በራሷ እጅ እንድትቆጥር ነበር።

መርዶው ጠዋት መጣ። ለሴቶቹ አስታወቅሁ። ብዙ ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ፤ አንዷ ማቶኬ የሚሉትን ሙዝ ቀቅላ፣ አንዷ ሻይ በፔርሙስ ይዛ። ሰብሳቢያችን ከሰዓት በኋላ ከኪቡሊ በእግሯ ደረሰች። ግቢያችን ገብታ የምታውቅ አልነበረችም። ከልጅቷ በር ላይ ቆማ ጫማዋን አወለቀች። ልጅቷ ያላትን አንድ ወንበር ልታመጣ ተነሣች፤ ተቀመጪ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻትና እሷም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኢና ሊላሂ አለች። ብዙ አላወራችም። የእናትየዋን ዕድሜ ጠየቀች፤ አስከሬኗን ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደከፈናት ጠየቀች። ልጅቷ እንደሰማችው መለሰችላት።

ቀጥላ ከረጢቶችሽ የት አሉ አለቻት። ልጅቷ ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። ሰብሳቢያችን ከረጢቶቹን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። ለሞተ ሰው የሚባለው ሌላ ነው፤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሰባ ሺህ ጊዜ። ይህን ሁላችን እናውቃለን።

«ሰባ ሺህ ነው» አለችኝ። «ለዘጠኝ አይካፈልም፤ ዛሬ ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ለአሥር ግን ሰባት ሰባት ሺህ ነው።»

ከረጢቶቹን ለልጅቷ መለሰችላት፤ የራሷንም ከቦርሳዋ አወጣች። እኔም ተነሥቼ የኔን ላመጣ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።